ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ያሉ ሰርቪስ ቤቶችን አድሶ ስለማከራየት

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው 175 ካሬ ሜትር ግቢዎ ውስጥ እርስዎ ከእናትዎና ከልጆችዎ ጋር በዋናው ጭቃ ቤት ይኖራሉ። ከኋላ ካሉት አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ሦስቱ በቃል ስምምነት ተከራይተዋል፤ ሁለቱ ጣሪያቸው ስለሚያፈስ ባዶአቸውን ተቀምጠዋል። በግቢው ያለው የመብራት ቆጣሪ አንድ ነው፤ የውሃ ቆጣሪውም፣ የጉድጓድ ሽንት ቤቱም፣ መሀል ግቢ ላይ ያለው ቧንቧም እንዲሁ አንድ አንድ ናቸው። ያጠራቀሙት ገንዘብና በቅርቡ የሚደርስዎ ዕቁብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት እንደማይበቃ ገልጸው፣ ከየት እንደሚጀምሩ፣ ለየክፍሉ ሽንት ቤት ማውጣት ያዋጣ እንደሆነ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ ጭቅጭቅን እንዴት እንደሚያስቀሩ፣ እንዲሁም በአዲሱ የኪራይ ሕግ መሠረት ከተከራዮችዎ ጋር እንዴት እንደሚዋዋሉ ጠይቀዋል።

ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥ። ገንዘብዎን በመጀመሪያ የሚያውሉት ተከራይ ሊያይ ሲመጣ ዓይኑ በማያርፍባቸው ነገሮች ላይ መሆን አለበት፤ እነሱም ጣሪያው፣ የግድግዳው እግር፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ እንዲሁም የመብራት ገመዱ ናቸው። ሴራሚክ፣ ቀለምና የሚያምር በር የመጨረሻዎቹ ናቸው። ይህን የምለው ለቤቱ ዕድሜ ብቻ አስቤ አይደለም። ሌላ ቦታ እየኖረ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ቧንቧ ሲፈነዳ በስልክ ይሰማል፤ እርስዎ ግን የፈነዳውን ውሃ ተሻግረው ነው ወደ ቤትዎ የሚገቡት። በጋራ ግቢ ውስጥ የሚነሳው ጠብ አብዛኛው ከሰው ጠባይ ሳይሆን ሳይለይ በጋራ ከቀረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ሊለይ የሚችለውን በሥራ መለየት፣ ሊለይ የማይችለውን ደግሞ በጽሑፍ መወሰን የእድሳቱም የአስተዳደሩም መሠረት ነው።

ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት ግን የወረቀቱን ጉዳይ ይጨርሱ። ግቢው በውርስ የመጣ ከሆነ ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ስመ ንብረቱ ያልዞረ ከሆነም ሌሎቹ ወራሾች በእድሳቱና በኪራዩ መስማማታቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የወንድም ወይም የእህት ድርሻ ባለበት ቤት ላይ የራስን ቁጠባ ማፍሰስ ኋላ ላይ ለማስላት የሚያስቸግር ዕዳ ይፈጥራል። ከዚያም አካባቢው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ መሆን አለመሆኑን በወረዳዎና በክፍለ ከተማዎ ይጠይቁ። ቀለም መቀባትና ያረጀ ቧንቧ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳ አፍርሶ መገንባት፣ ክፍል መጨመርና ጣሪያ ከፍ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነውና የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሳይፈቀድ እንዳይጀመር ይጠንቀቁ። ሥራው ተጀምሮ እንዲቆም ከተደረገ ቤቱ ጣሪያ አልባ ሆኖ ክረምት ሊገባበት ይችላል።

ሕጉን በሚመለከት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የእድሳትዎን ቅደም ተከተል ጭምር ይወስናል፤ ብዙ ሰው ይህን ግንኙነት ሳያስተውል ያልፈዋል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ቀድሞ እንደተለመደው ከአዲስ ተከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ በዚያው ገንዘብ ቤቱን ማደስ ከእንግዲህ አይቻልም፤ እድሳቱ በራስዎ ገንዘብ ማለቅ አለበት፤ ሌላ ስም ሰጥቶ ተጨማሪ ገንዘብ ለመቀበል መሞከርም አይገባም። ሁለተኛው፣ ተከራይ አንድ ጊዜ ከገባ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የመኖር መብት ስላለው ወለል የሚያስቆፍር፣ ግድግዳ የሚያስነሳ፣ አቧራና እርጥበት የሚያመጣ ሥራ ሁሉ ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ የፍሳሽ መስመር መቆፈር ለተከራዩ መከራ፣ ለሠራተኛው መጓተት፣ ለእርስዎም ተጨማሪ ወጪ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ባዶ ክፍሎች ዋናው ሀብትዎ ናቸው። መጀመሪያ እነዚህን ሙሉ በሙሉ ያድሱ። ከዚያ አሁን ካሉት ተከራዮች ውስጥ ሁለቱ በስምምነት ወደታደሱት ክፍሎች ይዛወሩና የለቀቋቸው ክፍሎች ተራቸውን ይታደሳሉ፤ ሦስተኛውም በዚሁ መንገድ ይቀጥላል። በዚህ አሠራር ማንም ሜዳ ላይ ሳይወድቅ፣ እርስዎም የሦስቱን ክፍሎች ገቢ ሳያጡ አምስቱም ክፍሎች ይዳረሳሉ። ነባር ተከራዮችዎ በቃል ስምምነት መኖራቸው መብት አያሳጣቸውምና ዝውውሩን ከማሰብዎ በፊት ውላቸውን በጽሑፍ አድርገው በወረዳው ያስመዝግቡ። ለታደሰው ክፍል የተለየ ኪራይ ለመጠየቅ ካሰቡም ሥራው ሳይጀመር ወረዳው የሚቀበለው መሆኑን ጠይቀው፣ ከተከራዩ ጋር የተስማሙበትን በውሉ ላይ ያስፍሩ። ጥሩ ነባር ተከራይ ካለዎት በጥቂት መቶ ብር ልዩነት እንዳያጡት እመክራለሁ፤ በአንድ ግቢ አብሮ ለሚኖር አከራይ የሰዎቹን ጠባይ ማወቅ በገንዘብ የማይተመን ዋስትና ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጣሪያው የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በምስማር ቀዳዳ፣ በቆርቆሮ መደራረቢያና ቆርቆሮው ከዋናው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ዝገቱ ቆርቆሮውን ካልበሳው ቀዳዳዎቹን ደፍኖና ምስማሩን በጎማ ባለው ቀይሮ ጥቂት ዓመታት ማቆየት ይቻላል። ቆርቆሮው የሚቀየር ከሆነ ግን የጌጁን ቁጥር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል ማለት ነው። ከቆርቆሮው በፊት ማገሩና ወራጁ መፈተሽ አለባቸው፤ የነቀዘ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሸንዳን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። ስሌቱ ግን ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አምስቱ ክፍሎችዎ በአጠቃላይ 60 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ካላቸው፣ 30 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት የሐምሌ ቀን 1,800 ሊትር ውሃ ከጣሪያው ጠርዝ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው በጭቃው ግድግዳ እግር ላይ ነው። አሸንዳ ካለ ግን ቢያንስ ከፊሉ በበርሜል ወይም በሮቶ ተጠራቅሞ ለልብስ አጠባና ለሽንት ቤት ይውላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ከታች ነው። ቋሚዎቹ መሬት የሚነኩበትን ቦታ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርገው ይፈትሹ፤ ጫፉ ሳይቸገር ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። እንዲህ ያለውን ቋሚ ከታች ቆርጦ በድንጋይና በሲሚንቶ እግር ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ብዙዎቹ የበሰበሱ ከሆነ ግን ግድግዳውን በብሎኬት መተካቱ ይሻላል። በደህናው ጭቃ ላይ ሲሚንቶ በቀጥታ መለሰን በጣም የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም። ሲሚንቶና ጭቃ በእርጥበትና በሙቀት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። የግድ ከሆነ የሽቦ መረብ በምስማር ተመትቶ በዚያ ላይ ይለሰን፤ ከዚህ የሚሻለው ግን የግድግዳውን እግር በድንጋይ ማሰር፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያሸሽ ተዳፋት ወለል መሥራትና ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ ማውጣት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ በክፍሎቹ መካከል ያሉትን ግድግዳዎች ከኮርኒሱ በላይ ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ሰርቪስ ቤቶች አካፋዩ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ይቆምና ከዚያ በላይ ጣሪያው ለሁሉም ክፍት ይሆናል። በዚያ ክፍተት የአንዱ ክፍል ወሬ፣ የሕፃን ልቅሶና የወጥ ሽታ ወደ ሌላው ያልፋል፤ እሳት ቢነሳም መንገዱ ያው ነው። ጣሪያው በተከፈተ ጊዜ አካፋዩን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ መዝጋት በጥቂት ብሎኬት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ለተከራይ ግን ከሴራሚክ ይልቅ ይህ እንደሚበልጥበት አልጠራጠርም።

ወደ ሽንት ቤቱ ስመጣ፣ ለየክፍሉ ሽንት ቤት ማውጣት በእርስዎ ግቢ የሚያዋጣ አይመስለኝም። አንድ ክፍል ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ከዚያ ላይ ለሽንት ቤትና ለመታጠቢያ ሲቆረጥ የሚቀረው ቦታ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ይሆናል፤ አምስት የፍሳሽ መስመር መዘርጋትም አምስት የሚደፈን ቦታ መፍጠር ነው። ለቤተሰብዎ አንድ፣ ለአምስቱ ክፍሎች ደግሞ ሁለት ሽንት ቤትና አንድ መታጠቢያ ቢሠሩ፣ ሁለቱም በየስማቸው ቁልፍ ለተሰጣቸው የታወቁ ክፍሎች ቢመደቡ በቂ ነው። ማን እንዳቆሸሸው በማይታወቅ ሽንት ቤትና ሁለት ሦስት ቤተሰብ ብቻ በሚጠቀምበት መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

በአካባቢዎ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የፍሳሽ መስመር ካለ ከሁሉ በፊት ከዚያ ጋር ለመገናኘት ይጠይቁ። ከሌለ ነባሩን ጉድጓድ አስመጥጠው ሁኔታውን ያስፈትሹ፤ አዲስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ የሚሠራ ከሆነም መምጠጫ መኪናው ቱቦውን ከበር ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀበረና ቱቦ የማይደርስበት ጉድጓድ ሲሞላ የሚያስከትለውን ችግር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ለሽንት ቤት 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ኖሮት ይዘርጋ፤ መስመሩ በሚታጠፍበት ሁሉ ክዳን ያለው መፈተሻ ጉድጓድ ይኑር፤ በመታጠቢያው ወለል ላይም ሽታ የሚከለክል ሲፎን ይግባ። የዝናብ ውሃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ እንዳይገባ ለየብቻው ቦይ ይሠራለት፤ አለዚያ ጉድጓዱ በአንድ ክረምት ይሞላል።

ውሃውን በተመለከተ የማጠራቀሚያውን መጠን በግምት ሳይሆን በስሌት ይወስኑ። በግቢው 15 ሰው ቢኖርና አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም የቀኑ ፍጆታ 600 ሊትር ነው፤ ውሃ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ 1,800 ሊትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ሆኖም 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ስለሚመዝን በጭቃ ግድግዳ ወይም በሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ፈጽሞ አይሰቀል፤ የራሱ የኮንክሪት መሠረት ባለው የብረት ማማ ላይ ይቀመጥ። ከሮቶው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚወጣው መስመር የየራሱ መዝጊያና የየራሱ ትንሽ ቆጣሪ ይኑረው። መዝጊያው አንዱ ክፍል ሲጠገን የሌሎቹ ውሃ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ ቆጣሪው ደግሞ ስለ ልብስ አጠባና ስለ እንግዳ ብዛት የሚነሳውን ክርክር ያስቀራል።

መብራት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነው፤ አደጋውም ጠቡም እዚያ ነውና። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። ሁለት ተከራዮች በአንድ ጊዜ ምጣድ ቢጥዱ 32 አምፔር፣ በዚያ ላይ ምድጃና ካውያ ሲጨመር ለአንድ ቤት ታስቦ የተዘረጋ ያረጀ ገመድ የማይችለው ጭነት ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ትልቅ ብሬከር መቀየር ወይም በሽቦ ማሰር ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው፤ ብሬከሩ የሚወርደው ገመዱን ለማዳን ነውና ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ አይነካ። ስለዚህ አዲስ የማከፋፈያ ሳጥን ተሠርቶ ከእሱ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ መስመርና የተለየ ብሬከር ይውጣ፤ ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይዘርጋ። ግራውንዱ በእርግጥ መሬት ውስጥ የተቀበረ መሆኑን በመሣሪያ ያስለኩ፤ በመታጠቢያ ቤቱ መስመር ላይም በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ። ይህን ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ለግንበኛው አይስጡ።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ የውሃውም እንዲሁ። ይህም ማለት ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ትንሽ የሚጠቀመው ተከራይ ብቻውን ቢሆን በማይደርስበት ውድ ደረጃ ላይ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ተጨማሪ ቆጣሪ ከአገልግሎቱ መጠየቅ ነው። ካልተገኘ ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ይግጠሙ፤ በየወሩ በታወቀ ቀን ከተከራዩ ጋር አብራችሁ አንብቡ፤ የመጣውን ጠቅላላ ሂሳብ በየክፍሉ ንባብ ልክ ያካፍሉ፤ ደረሰኙንም ሁሉም እንዲያየው ያድርጉ። የራስዎ ዋና ቤትም ቆጣሪ ይኑረው። ባለቤቱ ያለ ቆጣሪ እየተጠቀመ የቀረውን ለተከራዮች ሲያካፍል ቅንነቱ ምንም ያህል ቢሆን ማንም አያምነውም። በመብራትና በውሃ ላይ ትርፍ መጨመር ደግሞ አይገባም፤ ትርፉ በኪራዩ ውስጥ ይሁን።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ማድ ቤቱን ችላ እንዳይሉት አደራ እላለሁ። ለተከራዮች የተለየ ማብሰያ ቦታ ከሌለ በክረምት ከሰል አቀጣጥለው ክፍል ውስጥ ያስገባሉ፤ ቀለምና ሽታ የሌለው የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእንቅልፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ይገድላል፤ ይህ በከተማችን በተደጋጋሚ የደረሰ ሐዘን ነው። ሁለት ጎኑ ክፍት ወይም በቂ የጭስ መውጫ ያለው፣ የምጣድ መስመር የተዘረጋለት የጋራ ማድ ቤት ይሥሩ፤ የመጋገሪያ ቀን ተራም ይኑረው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ ይተዉ፤ ከሰል ክፍል ውስጥ ማስገባት የተከለከለ መሆኑም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከሠራተኞች ጋር ሲዋዋሉ ዕቃውን ራስዎ ገዝተው በእጅ ዋጋ ማሠራት፣ በግቢው ውስጥ ውለው ለሚያድሩ ለእርስዎ የተሻለ ነው፤ ሲሚንቶው ሲቦካ፣ ብረቱ ሲታሰር፣ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ማየት ይችላሉ። ቧንቧና ገመድ ግድግዳ ውስጥ ከመሸፈናቸው በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከዓመታት በኋላ ምስማር ሲመቱ ይጠቅምዎታል። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፋፈል፤ 10 በመቶው ጣሪያውና ፍሳሹ በውሃ ተፈትነው እስኪታዩ ድረስ ይያዝ። ልስንና ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ በአንድ ግቢ መኖር የሚሰጠው አንዱ ዕድል ይህን ውሃ ማታም ጠዋትም ራስ ማጠጣት መቻሉ ነው።

ስለ ኪራዩ መጠን ስሌት ሳይሠሩ አይወስኑ። ለምሳሌ ያህል ባዶውን ክፍል ለማስተካከል 60,000 ብር ወጥቶበት በወር 4,000 ብር ቢከራይ ገንዘቡ በ15 ወር ይመለሳል። ሰው በሚኖርበት ክፍል ላይ ለሴራሚክና ለጂፕሰም 120,000 ብር አውጥተው ኪራዩ በ2,000 ብር ብቻ ቢጨምር ግን የሚመለሰው በ60 ወር፣ ማለትም በአምስት ዓመት ነው። ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩ፤ ቅደም ተከተሉ ግን በአብዛኛው አይለወጥም። ጭማሪው በሕግ የተወሰነ በመሆኑ የመጀመሪያው ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ለረጅም ጊዜ ይከተልዎታል፤ ደላላ የነገረዎትን ብቻ ሳይሰሙ በሰፈሩ ተመሳሳይ ክፍል የተከራዩ ሰዎችን ይጠይቁ። ከየወሩ ኪራይ አንድ አሥረኛውን በተለየ የባንክ ሂሳብ ለጥገና ያስቀምጡ።

የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ግብር የሚከፈልበት ነው፤ የግብር ዘመኑም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጠራል። ውሉ በወረዳ ስለሚመዘገብና ክፍያው በባንክ ስለሚያልፍ ገቢው የታወቀ ነው፤ የግብሩንና የጣሪያና ግድግዳውን ክፍያ ከመጀመሪያው በሂሳብዎ ያስገቡ። የእድሳቱን ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ማህደር ያስቀምጡ፤ የየትኛው ክፍል እንደሆነም በላያቸው ይጻፉ።

በውሉ ላይ ከኪራዩ መጠን በተጨማሪ የጥገና ኃላፊነት ይለይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧ መክፈቻና የመሳሰሉትን ጥቃቅን ጥገናዎች በተከራይ ላይ ሲጥል፣ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣውን ብልሽት ከተከራይ ኃላፊነት ያወጣል፤ ይህንኑ በቀላል ቋንቋ ዘርዝረው ይጻፉት። ተከራይ ሲገባ ክፍሉን ፎቶ አንስታችሁ፣ የቆጣሪ ንባቡን መዝግባችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የግቢው ደንብ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ የበር መዝጊያ ሰዓት፣ የጽዳት ተራ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሮቶውን ማን እንደሚሞላ፣ የልብስ ማስጫ ቦታ፣ የሚያድር እንግዳ፣ እንዲሁም ለቅሶ ወይም ድግስ ሲሆን ድንኳን የት እንደሚተከል ይካተት። የመጨረሻው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሐዘን የደረሰበት ተከራይ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ይኖረው እንደሆነ በዚያ ቀን መጠየቅ የለበትም።

እርስዎም በደንቡ ይታሰሩ። ግቢው የእርስዎ ቢሆንም የተከራየው ክፍል ለውሉ ዘመን የተከራዩ መኖሪያ ነውና ሳያንኳኩ፣ ለጥገና ሲሆንም ቀደም ብለው ሳያሳውቁ አይግቡ። ለእናትዎና ለልጆችዎ ነፃነት ሲባል ደግሞ በዋናው ቤት ፊትና በሰርቪሱ መካከል ዝቅተኛ አካፋይ አጥር እንዲሠራ እመክራለሁ፤ ሁለቱም ወገን በየደጁ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት እንዲችል ያህል ይበቃል። ክፍያ ሲዘገይ በግቢው ፊት አይናገሩ፤ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ያስታውሱ፤ ማስረጃም ይሆናል።

ስለ ጊዜው፣ ሥራውን በጥቅምት ቢጀምሩ ሁለቱ ባዶ ክፍሎች፣ አዲሶቹ ሽንት ቤቶችና የመብራት ማከፋፈያው እስከ ጥር ሊያልቁ ይችላሉ፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ድረስ ሌሎቹ ሦስት ክፍሎች በተራ ይዳረሳሉ። ዕቁቡ የሚደርስዎ ከመጋቢት በኋላ ከሆነ ግን በዚህ ዓመት የባዶዎቹን ክፍሎች ጣሪያ፣ የአምስቱንም አሸንዳና የውሃ ቦይ ብቻ ጨርሰው፣ የመብራት መስመሩን አስጠግነው ክረምቱን ያሳልፉ፤ ፍሳሹንና ወለሉን ዝናብ ካባራ በኋላ ያስቆፍሩ። በሰኔ የተከፈተ ጉድጓድ እስከ መስከረም ውሃ እንደያዘ ይቆያልና፣ ያን ጊዜ የጀመሩትን ከማጣደፍ ይልቅ ሁለቱን ክፍሎች አራት ወር ዘግይቶ ማከራየቱ ያነሰ ኪሳራ ነው።